የስምንት ትከሻ አሳማ

ጧ… ጧ… ጧ።

ጉሙ ከሸለቆው ገና አልተነሣም ነበርና የሚሰማው ድምፁ ብቻ እንጂ መቺው አይታይም። እርጥብ ነገር በስለት ሲከተፍ ነው። ጥቂት ይቆማል፤ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዝም ይላል፤ እንደገና ይቀጥላል። ባላየውም አውቀዋለሁ፤ የማውኮሊ ታላቅ ልጅ ቡይሌሉ ለአሳማ የሙዝ ግንድ ስትከትፍ ነው። ከባሏ ቤት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ መንደራችን ከእሷ የሰማው ንግግር ይኸው የቆንጨራ ድምፅ ብቻ ነበር።

እኔ እንደ ልማዴ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉሙ ተራራውን ሲውጥና ሲተፋ እመለከት ነበር። እናቴ ይህን ሥራ መፍታት ትለዋለች፤ አልተከራከርኳትም።

«ወንድሜ፣ የአባ ማውኮሊ ቤት በየት በኩል ነው?»

ዞር ስል አንዲት ወጣት ቆማለች። የጎማ ቦት ጫማዋ እስከ ቅልጥሟ ጭቃ ነው። በራሷ ላይ ታይስ የሚባል ቀይ ሸማ የተጣለበት ቅርጫት ተሸክማለች። እንዲህ ያለ ሸማ የለበሰ ቅርጫት በእኛ አገር ለአንድ ነገር ብቻ ይወጣል።

«ይህን ድምፅ ተከትለሽ ሂጂ» አልኳት።

«በድምፅ የምትሄደው የሌሊት ወፍ ናት። ይልቅ ተነሥና አድርሰኝ።»

ተነሣሁ። በመንገድ ላይ ማንነቷን ነገረችኝ። ዙልሚራ ትባላለች፤ የማውኮሊን ታናሽ ልጅ ካይማሊን ሊያገባ የታጨው ልጅ እኅት ናት። ቆላ ወርዳ ከብት እርባታ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ቅርጫቱን ሊያመጡ የነበሩት አጎቷ ትኩሳት ስለጣላቸው፣ ሌላም የሚላክ ሽማግሌ ስለጠፋ፣ እሷ ተሸክማ መጣች።

አንባቢዬ ይህን ይወቅ፦ በቅርጫቱ ውስጥ ከኖራ ጋር የሚታኘክ፣ አፍን የሚያቀላ ፍሬና ቅጠል አለ፤ የሠርጉም ቀን የሚቆረጠው በእሱ ነው። የልጅቷ አባት ከፍሬው አንዱን አንሥቶ ካኘከ ቀኑ ጸና። ቅርጫቱን ሳይነካ ከመለሰ ነገሩ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢንጋጋም አይጠገንም። ስለዚህ የማውኮሊን ጠባይ የማውቀው እኔ፣ ይህች ቀልደኛ ልጅ ወደ ደጃፋቸው ስትቃረብ እርምጃዬን አዘገየሁ።

ሽማግሌው ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። በክንዳቸው ሥር ቀይ የውጊያ ዶሯቸውን አቅፈዋል፤ አውራ ጣታቸው ከዶሮው ደረት ላይ አይነሣም። ከቤቱ ጎን ቡይሌሉ ጀርባዋን ሰጥታን ትከትፋለች። እንግዳ መምጣቱን ብትሰማም ዘወር አላለችም።

«ደኅና አደሩ፣ አጎቴ» አለች ዙልሚራ፤ ቅርጫቱን በሁለት እጇ አውርዳ አጎንብሳ አስቀመጠች።

«በእናንተ ቤት ሽማግሌ አልቋል እንዴ?»

«አላለቀም፤ ታሟል። አጎቴ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ‹ትኩሳቱ ባይዘኝ በጉልበቴም ቢሆን ድሄ እመጣ ነበር› ብለዋል።»

«እሱ ሰው በደኅናውም ጊዜ ጉልበት የለውም» አሉ ሽማግሌው። ቅርጫቱን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉት። አልከፈቱትም፤ አልመለሱትምም። «ተቀመጪ። አይ፣ ቆይ፤ ሳትቀመጪ መጀመሪያ የምትሄድላችሁን አሳማ እዪ። አይተሽ ለወንድምሽ ንገሪ።»

ወደ ጓሮ ወሰዱን። ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በአንድ እግሯ ታስራ፣ ጥቁሯ አሳማ ተጋድማለች። ጽንሷ ገና እኩሌታው ላይ ቢሆንም ሆዷ መሬት ይጠርጋል። ዓይኗ በጉንጯ ስብ መካከል ጠፍቷል። እኛን ለማየት ራሷን ቀና አደረገችና ደክሟት መልሳ ጣለችው። በፊቷ ካለው ገንዳ የተረፈውን በቆሎ ዶሮዎች ይለቅማሉ።

«የታላቋን ልጄን አሳማ ስምንት ሰው ተሸክሟታል» አሉ ማውኮሊ፤ «ይህችን አሥር ሰው ካልተሸከማት ስሜን ቀይሩት!»

በእኛ ዘንድ ልጁን የሚድር ቤት እናት አሳማ ያስከትላል፤ ልጅቷን የሚወስደው ቤት ደግሞ ጎሽ ይነዳል። አሳማዋ እርጉዝ ሆና ትሄዳለች፤ ከሙሽራዪቱ አዲስ ቤትም ትወልዳለች። እግሮቿ ታስረው በረጅም ቀርከሃ ላይ ተሰቅላ ስትመጣ ተቀባዮቹ ከደጃፍ ቆመው ስንት ትከሻ እንደተሸከማት ይቆጥራሉ። አራት ትከሻ ከሆነ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ስምንት ከሆነ ከበሮ ይመታል። የሰው ክብር በአሳማ ተሸካሚ ትከሻ ይሰፈር እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሲሰፈር ግን አይቻለሁ።

ዙልሚራ አሳማዋን ስትመለከት ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ምነው ዝም አልሽ? አፍሽ ውስጥ ፍሬ አለ እንዴ?»

«አጎቴ፣ ላመስግን ወይስ እውነቱን ልናገር?»

«ሁለቱ ይለያያሉ?»

«ዛሬ ይለያያሉ። ይህች አሳማ እንደዚህ ሆና ወደ ቤታችን ከመጣች አልቅሰን እንጂ ስቀን አንቀበላትም። ከመጠን በላይ ወፍራለች። በቆሎዋን ይቀንሱላት።»

ሽማግሌው ዶሯቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ክንዳቸው አዛወሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ደጃፉ ተመለሱና ቅርጫቱን በእግራቸው ሳይሆን በእጃቸው፣ በሥርዓት፣ ወደ ዙልሚራ ገፉት።

«ገባኝ» አሉ። «አሁን ገባኝ። ሽማግሌ የታመመው ለዚህ ነው። ጎሹ ከበዳችሁ። ‹አሳማችሁ አራት ትከሻ ናት፤ ስለዚህ ጎሻችንም አንድ ዓይኑ የጠፋው ይሁን› ልትሉ ነው። ደፍራችሁ በአፍ ከመናገር ልጅ ላካችሁ። ጎበዝ! ውሰጂ ቅርጫትሽን።»

«አጎቴ…»

«ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት የላኩሽ አሳማ ማስራብ እንድትማሪ ነው? ያንንማ ድሃ ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል!»

በዚህ ጊዜ ካይማሊ ከውስጥ ወጥታ ከበሩ መቃን ተጣብቃ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አባትየው አላዩዋትም፤ ዙልሚራ ግን አይታታለች። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ዙልሚራ የምትናገረው ስለ አሳማ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ቅርጫቱን አንሥታ ብትሄድ አንድ ጋብቻ አብሯት ይሄዳል።

አላነሣችውም። ከቅርጫቱ ፊት ለፊት፣ ከመሬት ተቀመጠች።

«ጎሹ ተመርጦ ታስሯል፤ ሁለቱም ዓይኑ ያያል። እርሱን ቀንሱ አላልኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎና እሄዳለሁ። ይህ ዶሮ መቼ ይዋጋል?»

«እሑድ። ዶሮዬን ምን አመጣው?»

«በቆሎ እስኪጠግብ ይሰጡታል?»

«አብደሻል? የጠገበ ዶሮ ሲዋጋ የት አይተሻል! ሁለት ጊዜ ይዘልና አፉን ከፍቶ ይቆማል። አንገቱን አመቻችቶ ለሌላው ያቀርባል።»

«ታዲያ ያስርቡታል?»

«የተራበማ ክንፉም አይነሣ። በልክ ነው እንጂ!»

«ልኩን በምን ያውቁታል?»

የመለሰው የሽማግሌው አውራ ጣት ነው። እንደ ወትሮው ከዶሮው ደረት አጥንት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ጣታቸውን ተመለከቱ፤ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«አጥንቱ እንደ ቢላ ከሆነ ጨምርለታለሁ» አሉ ቅር እያላቸው፤ «ጣቴ ካጣው እቀንስበታለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ነው። ትምህርት ቤት አልነበረም ያኔ።»

«አባትዎ ከአስተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣሉ። እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ በዶሮ ፈንታ በአሳማ። አጎቴ፣ ዶሮ በዓመት ስንት ጊዜ ይዋጋል? እናት አሳማ ምጧ ውጊያ አይደለም? አሥር ልጅ አንድ በአንድ ገፍታ ማውጣት? ከዚያ በኋላስ አሥር አፍ ማጥባት? ለዶሮው በጣትዎ የሚጠነቀቁትን ለእሷ በዓይንዎ ብቻ ይፈርዳሉ። ዓይን ስብ ያደንቃል። ይሂዱና እጅዎን ከወገቧ ላይ፣ ከጭኗ በላይ ካለው አጥንት ላይ፣ ጫን ያድርጉ። አጥንቱን ካገኙት እኔ ውሸታም ነኝ፤ ቅርጫቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው ተነሥተው፤ «ይህ ልጅ ምስክር ነው።» እኔን ማለታቸው ነው። ዶሮውን አስታቀፉኝ።

ከአሳማዋ አጠገብ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን ዘርግተው ጫን አሉ። ቦታ ቀየሩ። በሁለት እጃቸው ጫን አሉ። አሳማዋ አጉረመረመች። እሳቸው ከወገቧ ወደ ጀርባዋ፣ ከጀርባዋ ወደ ጭኗ፣ በጨለማ ቤት የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይዳስሱ ጀመር። ላብ በግንባራቸው ላይ ወጣ።

«አጥንት የላትም» አሉ በመጨረሻ።

«አላት። ስቡ ውጦት ነው። ልኩ እንዲህ ነው፦ አጥንቱ በዓይን ከታየ ርሃብ ነው፤ ዓይን ባያየውም መዳፍ ጫን ብሎ ካገኘው ደኅና ነው፤ መዳፍ ተጭኖም ካጣው ከልክ አልፏል።»

«ቢያልፍስ? ስብ ሰው ገድሎ ያውቃል? ወፈርሽ ማለት ምርቃት አይደለም?»

«ለሰው ምርቃት ነው፤ ለምጥ ግን እርግማን። ስቡ መውጫውን ያጠበዋል። ልጆቹ መንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የቆየው ታፍኖ ይወጣል። በሕይወት የወጡትም ቢሆኑ፣ እናታቸው ከብዷት ቀስ ብላ መተኛት አትችልም፤ ዘፍ ትላለች፤ ከሥሯ ያለው ያልቃል። የተረፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እንገር መጥባት አለበት፤ እሱን ያላገኘ ግልገል ብርዱም በሽታውም ይወስደዋል። የደከመች እናት ደግሞ ጡቷን አታመቻችም። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፤ በእርግዝናዋ ከመጠን በላይ የበላች፣ ከወለደች በኋላ መብላት ያቅታታል። መብላት በሚገባት ጊዜ ምግብ ያስጠላታል።»

እኔ ዶሮውን ታቅፌ ስሰማ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ የቆንጨራው ድምፅ ቆሟል።

ማውኮሊ ግን ገና አልተረቱም ነበር። የተጎዳ ኩራት መውጫ ቀዳዳ አያጣም።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። «የቡይሌሉን አሳማ ስብ አልገደላትም። ከዚህ ስትወጣ ተራራ ነበረች። ልጆቿ አልቀው፣ እሷም በሁለት ወር ውስጥ የጎድን አጥንቷ እንደ ቀርከሃ አጥር ይቆጠር ነበር አሉኝ። ከዚያ ወዲህም ወንድ ፈልጋ አታውቅም። እነሱ ናቸው ያስራቧት! አስርበው ገድለው ሲያበቁ ‹ከደረቀች አሳማ ጋር የደረቀች ሴት መጣችብን› ብለው ልጄን መለሱልኝ። ስብ እንዲህ ያደርጋል?»

ዙልሚራ አንገቷን ደፋች።

«አጎቴ፣ የእኛም ወገን ጥፋት አለበት» አለች። «በቤታችን ሳይቀር ያ ልማድ አለ። የግልገሎቹ እትብት ደርቆ እስኪወድቅ ለእናቲቱ ለብ ያለ ውሃና የሩዝ እብቅ ብቻ ይሰጣታል። ምግብ ወተቱን ያባርራል ይላሉ። እትብቱ ከወደቀም በኋላ እጃቸው አይፈታም። እናቴ ዛሬም ታምንበታለች።»

«ሰማህ?» ሽማግሌው ወደ እኔ ዘለሉ፤ ዶሮው ደንግጦ ተራገበ። «ከገዛ አፏ! ምስክር ነህ!»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ።»

«ወተት ከሰማይ አይወርድም» አለች ዙልሚራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ከምትበላው ነው፤ ካልበላች ከገዛ ሥጋዋ ነው። ሥጋዋን አቅልጣ አጥብታ የጨረሰች አሳማ ግልገሎቿ ጡት ሲጥሉ ወንድ አትፈልግም፤ ብትፈልግም ጥቂት ልጅ ትይዛለች፤ የያዘችውም ሲወለድ የአይጥ ልጅ ያክላል። ሰዎች መካን ይሏታል። መካን አይደለችም፤ የተራበች ናት። የእኛን ቤት ጥፋት አልሸሽግም። የእርስዎ ግን…»

«የእኔማ ከእናንተ ይሻላል! እናንተ…»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ቃሉ የመጣው ከጎናችን ነው። ቡይሌሉ ቆማለች። ቆንጨራው በእጇ ነው፤ የሙዝ ግንዱ ውሃ በክንዷ ይወርዳል። ድምፅዋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እነሱ እርስዎን ይረግማሉ፤ እርስዎ እነሱን ይረግማሉ፤ እኔን ደግሞ ሁላችሁም። ከአጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። እንዴት ሞተች ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ልጄ…»

«ምጧ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። የመጀመሪያዎቹ ሞተው ወጡ። ከዚያ እኔ እያየሁ በአራቱ ላይ ተኛችባቸው። ጮኽኩ፤ ገፋኋት። ሰው ተራራ ይገፋል? የባሌ እናት እህል እንዳልሰጣት ከለከለችኝ። እኔ በቀሚሴ ሸሽጌ በቆሎ ወሰድኩላት። አሸተተችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ርሃቡ ሲመጣላት ደግሞ ጎተራውን ቆለፉብኝ። የቀሩት ልጆቿ ደረቅ ጡት ይዘው ይንጫጩ ነበር፤ አንድ በአንድ ዝም አሉ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የገደላችኋት ሁለታችሁም ናችሁ። እዚህ ከልክ በላይ አበላችኋት፤ እዚያ አስራባችኋት። ያች አሳማ መካን አልነበረችም።»

የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ስለ አሳማዋ ብቻ እየተናገረች እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ተመልሳ ተቀመጠች። ጧ… ጧ።

ማውኮሊ ሲናገሩ ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ ነበር፤ የቀረው ጭንቀት ነው።

«ትከሻውስ?» አሉ። «እሺ፣ በቆሎውን ልቀንስ። አሳማዋ ቀለል ብላ ትሂድ። አራት ሰው ተሸክሟት በመንደሩ መካከል ስታልፍ ካይማሊ በምን ፊቷ ትከተላታለች? ‹ሁለተኛዋን በርካሽ ሸኛት› ይሉኛል። ለዚህስ መድኃኒት ተምረሻል?»

«አልተማርኩም» አለች ዙልሚራ። «እውነቱን ከፈለጉ፣ እርጉዝ አሳማ እግሯን አስሮ ዘቅዝቆ መሸከሙ ራሱ ሊያስወርዳት ይችላል። ስለ ክብሩ ግን እኔ አላውቅም። ያ የእርስዎ ነው።»

ይህን ማለቷ ከተናገረችው ሁሉ ይበልጥ የጠቀማት ይመስለኛል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ተማሪ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል፤ ከፊሉን ለሽማግሌው የተወ ግን ሽማግሌውን ከጎኑ ያቆማል። ማውኮሊ ከጓሮው የቀርከሃ አጥር ወዲያ፣ ሙክት አሳማቸው ወደ ታሰረበት ተመለከቱ።

«አያቴ ስትዳር አሳማዋ በገመድ ተስባ በእግሯ ነው የሄደችው ይባላል» አሉ ቀስ ብለው። «እንጨቱ የመጣው ኋላ፣ ሰው ሲበዛና አፍ ሲበዛ ነው። ደግሞስ… የምትወልደውና የሚታረደው አንድ ናቸው እንዴ? ሙክቱ ይወፍር! ለሠርጉ ምግብ የሚሆነው እሱ ነው፤ ስቡ የማንንም ምጥ አያከብድም። ስምንት ትከሻ እሱን ይሸከም። እናት ግን እናት ናት፤ በእግሯ ከልጄ ጎን ትሂድ። ስንት ትከሻ ብለው ለሚጠይቁኝ ‹ጡት ስትጥል ስንት ልጅ አላት ብላችሁ ጠይቁኝ› እላቸዋለሁ።»

«አጎቴ!» አለች ዙልሚራ እየሳቀች።

«አትሳቂ፤ አልጨረስኩም። ያንቺስ እናት? በእብቋ ብትመጣ?»

«እናቴን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«አልተውም። አንቺ ነገ ባል አግብተሽ ትሄጃለሽ። ካይማሊ! ከዚያ በር ላይ ተላቀቂና ነይ። እጅሽን አምጪ።» የልጃቸውን መዳፍ ይዘው ከአሳማዋ ወገብ ላይ ጫን አደረጉት። «አጥንት አገኘሽ?»

«አላገኘሁም፣ አባዬ።»

«እስክታገኚው በየሳምንቱ ጫን ትያለሽ። ስታገኚው በዚያው ታቆያታለሽ።»

ከዚያ ዙልሚራ ለሁለቱ እኅትማማች የነገረቻቸውን እኔም ስለሰማሁ እጽፈዋለሁ። አሁን በአንድ ጊዜ አያስርቧት፤ በሆዷ ያሉት ይጎዳሉ። በቆሎው ጥቂት በጥቂት ይቀነስ፤ በምትኩ የስኳር ድንች ቅጠል፣ የሙዝ ግንድ፣ አረንጓዴ ነገር ሆዷን ይሙላ። በገመድ ብቻ አትኑር፤ ትንቀሳቀስ። የምትወልድበት ቦታ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ግልገሎቹ የሚሸሹበት፣ እሷ የማትደርስበት ጥግ በቀርከሃ ይከለልላቸው። በወለደችበት ቀን ጥቂት ትቅመስ፤ ከዚያ በየቀኑ እየተጨመረላት እስክትጠግብ ትብላ፤ ያን ጊዜ በቆሎውም፣ ዱባውም፣ የዓሣ ትራፊውም ለእሷ ነው። ውሃ ደግሞ ሌትም ቀንም አይጉደልባት፤ ውሃ ያጣች እናት ወተት የላትም። በአጭሩ፣ በእርግዝና በልክ፣ በማጥባት በጥጋብ፤ የእኛ ሰዎች ግን ይህን ገልብጠው ነበር የያዙት።

ማውኮሊ ወደ ደጃፉ ተመልሰው ቅርጫቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀዩን ታይስ ገለጡ። አንዱን ፍሬ አንሥተው፣ ቅጠልና ኖራ ጨምረው አኘኩ። አፋቸው ሲቀላ ካይማሊ ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች።

የሠርጉ ቀን ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። አሳማዋ በገመድ ተስባ በእግሯ መንደሩን ስታቋርጥ ከበሮ አልተመታላትም። «አንድም ትከሻ?» ሲል አንዱ ተሰማ። ማውኮሊ ዞረው ወደ ኋላ ይመለከቱ ጀመር። ሙክቱ በስምንት ትከሻ ከኋላ ብቅ ባለ ጊዜ ነው ከበሮው የተመታ። በባልየውም ቤት አሳማዋ በወለደች ማግስት የዙልሚራ እናት የበቆሎውን ማሰሮ ከካይማሊ እጅ ነጥቃ ደፋችው። ካይማሊ ያለ ንግግር ሌላ ቀቀለች። ያንንም ደፋችው። ሦስተኛውን ስትቀቅል አማቲቱ ደክሟት ወይም አፍራ ተቀመጠች።

ምጡ ከረፋዱ ተጀምሮ ሳይመሽ አልቆ ነበር። ዘጠኝ ተወለዱ፤ አንድ ደካማ ሞተ፤ ስምንቱ ጡት እስኪጥሉ አደጉ። አሳማዋ እያጠባች ስትከሳ እንኳ አጥንቷ በመዳፍ እንጂ በዓይን አልተገኘም። ልጆቿ ከተለዩዋት ሳምንት ሳይሞላ ወንድ ፈለገች። ከስምንቱ ከፊሉ ተሸጦ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ የባልየው ታናናሾች ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። የዙልሚራ እናትም ጎረቤት ሲጠይቃት «እኛ ጥንትም እናበላ ነበር» ማለት ጀምራለች፤ ማንም አልተከራከራትም፤ መማር እንዲህም ይመጣልና። ማውኮሊ በበኩላቸው ወደ ሰው ጓሮ ሁሉ እየገቡ የሰው አሳማ ወገብ ሲጫኑ ይውላሉ። ሰዎች ይስቁባቸዋል፤ ሲስቁ ግን እነሱም እጃቸውን ይዘረጋሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልማድ የሚጠላ ነገር አይደለም። ይሁንና ዓይናችን ያመነውን ሁሉ መዳፋችን ይመርምረው፤ ለእንስሳ በወቅቱና በልኩ የተሰጠች እፍኝ እህል ለሰው ቤት ሰላም ሆና ትመለሳለችና።

ካይማሊ ለአባቷ ቤት ስጦታ ሁለት ሴት ግልገሎች ይዛ የመጣች ጠዋት እኔ እዚያው ነበርኩ። ማውኮሊ እየሳቁ ዶሯቸውን አስታቀፉኝና ጫን ሊሉ ጎንበስ ሲሉ ቡይሌሉ ቀደመቻቸው። ሥራዋን ትታ መጣች። የአንደኛዋን ወገብ ጫን አለች፤ የሁለተኛዋን ጫን አለች። ሁለተኛዋን መረጠች። ገመዱን ከእኅቷ እጅ ተቀበለች። ወደ ቤት ገብታ በታጠበ ታይስ ራሷን ሸፍና ወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ ማውኮሊ። «ወደ ባሌ ቤት፤ ይህችን እዚያው በልኩ አሳድጋታለሁ» አለች።

ቡይሌሉ ግልገሏን እያስቀደመች ወደ ላይ፣ የባሏ መንደር ወዳለበት ዳገት የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ጉሙ እስኪውጣት ቆመን አየናት። ቆንጨራዋ ከሙዙ ግንድ ላይ እንደተሰካች ቀርታለች።